በዓይኔ ያቀናበርኩት ድምፅ

ባለፈው ሰሞን የእህቴ ልጅ ኢክራም ከዓለም ባንክ ሰፈር ደወለችልኝ። «አጎቴ፣ አንድ ነገር ምረጥልኝ» አለች። «ቤት ባለው ኮምፒውተሬ ላይ ድምፅ የምቀዳበት ፕሮግራም እፈልጋለሁ። ባለ ብዙ ትራክ የሆነ።»

የደወለችው ትክክለኛው ሰው ጋ ነው። ከአጠና ተራ እስከ ቤቴል ስለ ድምፅ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው ካለ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ግን የተበላሸ ሬዲዮ ፈትቼ፣ ከሌላ የተበላሸ ሬዲዮ ጋር አስተያይቼ፣ የትኛው ዕቃ ምን እንደሚሠራ ያለ አስተማሪ ያወቅኩ ሰው ነኝ። ኮምፒውተርንም የለመድኩት እንዲሁ ነው። ስለዚህ «እስከ ማታ እነግርሻለሁ» አልኳት።

ሳምንቱን ሙሉ አልነገርኳትም። ድሮ ፕሮግራም ማለት በሲዲ የሚመጣ ነገር ነበር፤ ወይ ይሠራል ወይ አይሠራም። ዛሬ አንዱ ነፃ ነኝ ይልና ደክመህ የሠራኸውን ላስቀምጥ ስትል ክፈል ይልሃል። ሌላው እንደ ቤት ኪራይ በየወሩ ይጠይቃል፣ ያውም እኛ በማንይዘው ካርድ። ሌላው ገና ሳይከፈት ኢሜይል፣ ከኢሜይሉ በኋላ በስልክ የሚላክ ቁጥር፣ ከቁጥሩ በኋላ ደግሞ ሮቦት አለመሆኔን እንዳረጋግጥ የትራፊክ መብራት ያለባቸውን ሥዕሎች እንድመርጥ ጠየቀኝ። ስልሳ ሊሞላኝ ትንሽ የቀረኝ ሰው ነኝ፤ ሮቦት አለመሆኔን የኮልፌ ሰው በሙሉ ይመሰክራል። ጭራሽ ሥዕሎቹን ተሳስተሃል ብሎ መለሰኝ።

ተናድጄ መልሼ ደወልኩላት። «ለመሆኑ ምን ልትቀጂበት ነው?»

«የእማዬን የሒና ቀን ካሴት ወደ ኮምፒውተር ልገለብጠው ነው። የእትዬ ዘምዘም ድምፅ በአንድ ትራክ ይሆንና ጓደኞቼ በሌላ ትራክ ይቀበሏቸዋል። ለእኔ የሒና ቀን።» ከዚያ ጨመረች። «ግን አንተ መስማት አትችልም። እማዬ አደራ ብላኛለች።»

ስልኩን ዘግቼ በረንዳው ላይ ቁጭ አልኩ። ያንን ካሴት የቀዳሁት እኔ ነኝ። በሕይወቴ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ የምኮራበትም እሱ ነው። አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም።

ያኔ ሰላሳን ገና ያለፍኩ ጎልማሳ ነበርኩ። ጦር ኃይሎች አካባቢ የሬዲዮና የቴፕ መጠገኛ ሱቅ ነበረችኝ። ቤት ውስጥ ደግሞ ከየቦታው በለቀምኩት ዕቃ ራሴ የገጣጠምኩት ኮምፒውተር ነበረኝ። በሰፈራችን በግለሰብ ቤት የተቀመጠ የመጀመሪያው ኮምፒውተር የእኔ ነው። የሚጠራጠር ካለ ጎረቤቶቼን ይጠይቅ፤ ስልክ ሊደውሉ ወደ ሱቅ የሚሄዱ ሰዎች በመንገዳቸው ኮምፒውተሬን ሊያዩ ይገቡ ነበር።

ታናሽ እህቴ ራውዳ ልታገባ ነበር። ባሏ ጅማ የሚነግድ ሰው ስለሆነ ከሰርጉ በኋላ ይዟት ሊሄድ ነው። ለሰርጓ ምን እንዳደርግላት ስጠይቃት አላመነታችም። «የእትዬ ዘምዘምን ዜማ ቅዳልኝ፤ ይዤው ልሂድ» አለችኝ።

እትዬ ዘምዘም ከእኛ አጥር ማዶ የሚኖሩ፣ ኮልፌ ገበያ ቅመም የሚሸጡ ሴት ነበሩ። ሲያልፉ የኮረሪማና የጥቁር አዝሙድ ሽታ ከኋላቸው ይቀራል። በሰፈሩ ሙሽራ በወጣች ቁጥር በሒናው ቀን የሚያዜሙት እሳቸው ናቸው። የሚያዜሙት ደግሞ ለሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም። ሙሽራዋን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያውቋታልና፣ ስሟን፣ አመሏን፣ የወደቀችበትን ጉድጓድ ሳይቀር አስገብተው ለእሷ ብቻ ያወጡላታል። አንዴ ካሉት በኋላ አይደግሙትም። ድገሙልን ቢባሉ «እሱ የእሷ ነው፣ አለቀ» ይላሉ። ያን ቀን ካልተቀዳ ለዘለዓለም ሄደ ማለት ነው።

ችግሩ እትዬ ዘምዘም ሐጅ አድርገው ከተመለሱ ወዲህ ወንድ በሚሰማበት አያዜሙም። ሄጄ ስጠይቃቸው በርበሬ እያበጠሩ ነበር። ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።

«እኔ የምለው ለሴት ነው» አሉኝ። «ወንድ የማይሰማው ከሆነ ቅዳው።»

«ቀድቼው እንዴት አልሰማውም፣ እትዬ ዘምዘም?»

«እሱን አንተ ታውቃለህ። በኮልፌ የማታውቀው ነገር የለም ሲሉ እሰማለሁ።»

«እሺ፣ አልሰማውም።»

«ወላሂ በል።»

«ወላሂ።»

ከዚያ በኋላ ፕሮግራም ወደ መምረጡ ገባሁ። በአንድ ማይክ ሲቀዳ ድቤው ድምፁን እንደሚውጠው ከማንም በፊት የማውቀው እኔ ነኝ፤ የሰፈሩን የሰርግ ካሴት ሁሉ ሰው ለጥገና እያመጣ ያሰማኝ ነበርና። ድቤ፣ ድቤ፣ ድቤ፣ ከኋላ ደግሞ ጉድጓድ ውስጥ የገባች ሴት። እኔ የፈለግኩት እትዬ ዘምዘም በራሳቸው መስመር፣ ድቤውና ተቀባዮቹ በሌላ መስመር እንዲቀዱ ነው። ባለ ብዙ ትራክ የሚባለው ይሄ ነው፤ እያንዳንዱ ድምፅ በየራሱ መስመር ይገባና በኋላ አንዱን ከፍ ሌላውን ዝቅ ታደርገዋለህ። ሁለት ማይክ ነበረኝ። ማደባለቂያውን ከአሮጌ ሬዲዮ ዕቃ ራሴ ሠራሁት።

መርካቶ ወርጄ ሦስት ሲዲ ይዤ መጣሁ። የመጀመሪያው መልኩ ደህና ነበር፤ እየቀዳሁ ሳስነጥስ ቀጥ ብሎ ቆመ። ማስነጠሴ ምን እንዳደረገው እስከ ዛሬ አልገባኝም። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አብርቼ እንደገና ስሞክር ሳላስነጥስም ቆመ። ሁለተኛው ትልቁ ነበር። ስልሳ አራት ትራክ፣ በየትራኩ ላይ ቁልፍ፣ በየቁልፉ ሥር ሌላ ቁልፍ፤ ስክሪኑን ስታየው የአውሮፕላን ማረፊያ በምሽት ይመስላል። ሦስተኛው ግን ሲከፈት አራት መስመርና አንድ ቀይ ቁልፍ ብቻ አለው። የልጅ መጫወቻ ነው ብዬ ዘጋሁት።

ትልቁን እስክለምደው ሥራዬን ሁሉ ጣልኩ። መመሪያው እንግሊዝኛ ነው፤ የእኔ እንግሊዝኛ ደግሞ ከሬዲዮ ጀርባ ላይ የተማርኩት ነው። አንዱን ቁልፍ ለማወቅ አንድ ቀን ይፈጃል። መሀል ላይ መብራት ይጠፋል፤ ሲመለስ ፕሮግራሙ ያስተማርኩትን ሁሉ ረስቶ ይጠብቀኛል። እኔ ግን አልለቅም። ከሱቄ አጠገብ ጽሑፍ የሚተይብ ደጀኔ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ፤ በቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራንን በዚያችው በባለ አራቷ የሚቀዳው እሱ ነው። የያዝኩትን ስነግረው ሳቀ።

«ከድሬ፣ ስንት ማይክ አለህ?»

«ሁለት።»

«ስንት ትራክ ነው የያዝከው?»

«ስልሳ አራት።»

«የቀሩት ለመላእክት ናቸው?»

«አንተ ባለ አራቷን የምትጠቀመው ስልሳ አራቱን ስለማትችላቸው ነው» አልኩት። እውነቴን ነበር። በኋላ ሞክሮት አልቻለውም።

የሒናው ቀን ከሰዓት በኋላ ነበር። ጥቅምት ነው፤ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ግቢው ውስጥ የተዘረጋው ሸራ በነፋስ ይንፈራገጣል። ከማድቤቱ የሳምቡሳ ዘይትና የሙሸበክ ስኳር ይሸታል። ሴቶቹ ከየሰፈሩ ይገባሉ፤ ልጃገረዶቹ እጃቸውን እስከ አንጓቸው ሒና ተቀብተው በፌስታል ጠቅልለው እንደ ቦክሰኛ ያዙት። ራውዳ ፊቷን ተሸፍና ሳሎኑ መሀል ተቀምጣለች። ኮምፒውተሩን ሳሎን ጥግ አስቀምጬ፣ ማይኮቹን ሰቅዬ፣ ሁሉን አዘጋጅቼ፣ ገና ወንበሬ ላይ ስቀመጥ እትዬ ዘምዘም በበሩ ገቡ።

«ውጣ» አሉኝ።

እንደማልሰማ ምዬላቸው ነበር እንጂ እንደምወጣ አላሰብኩም ነበር። ጆሮዬን በጥጥ እደፍናለሁ ብዬ ነበር ያሰብኩት። አሳየኋቸውም ጥጡን። ሴቶቹ ሲስቁ ሸራው ተነቃነቀ።

ቀጂው ወጣ እንግዲህ። ማሽኑን ማን ይንካው? ልጃገረዶቹ እጃቸው ሒና ነው። ሙሽራዋ ከመቀመጫዋ አትነሣም። ከድቤ የተረፈ፣ ከሒና ንጹሕ የሆነ እጅ ያላት እናቴ ብቻ ናት፤ እሷ ደግሞ ያን ኮምፒውተር አቧራ ከመጥረግ በስተቀር ነክታው አታውቅም። እየቀዳ ትቼው እንዳልወጣ ዲስኩ ትንሽ ነው፤ ገና ሳይጀምሩ በወሬ ይሞላል። «ዜማው ሲጀመር ትልቁን ቀይ ትጫኛለሽ፣ ሲቆም ትጫኛለሽ» አልኳትና መስኮቱ ሥር ቆምኩ።

ለሙከራ ድቤ መቱ። እናቴ ተጫነች፤ ደግማም ተጫነች። ከዚያ መስኮቱን ከፈተችው።

«ከድር፣ ሳጥን ወጣ።»

«ምን ዓይነት ሳጥን?»

«እኔ ምን አውቄ። ሳጥን ነዋ፣ እዚያው ቴሌቪዥኑ ውስጥ።»

«ምን ይላል?»

«በእንግሊዝኛ ነው የሚለው።»

«ተማሪዋን የሐሊማን ልጅ አስነብቢያት።»

ሄዳ ተመለሰች። «ፋይል ይላል አለች። ሌላው አልገባኝም አለች።»

ገባኝ። ትልቁ ፕሮግራም አንዴ ቀድቶ ባቆመ ቁጥር ልያዘው ወይስ ልጣለው ብሎ ይጠይቃል፣ ስም ስጠኝ ይላል። ከዚያም በየትራኩ ላይ ያሉትን ትንንሽ ቀይ ቁልፎች አጥፍቷቸው ይጠብቃል። እነሱን እንደገና ሳያበሩ ትልቁን ቀይ ቢጫኑት አይሰማም። እኔ ይሄን ሁሉ በእንቅልፌም እሠራዋለሁ። ለእናቴ ግን በመስኮት ማስረዳት ጀመርኩ።

«በግራ በኩል ትንሽ ቀይ አለች፣ እሷን ንኪ።»

«የትኛዋን? ቀይ በቀይ ነው።»

«ከላይ የመጀመሪያዋን።»

«ጠፋ።»

«ምኑ ጠፋ?»

«ሁሉም ጠፋ። ሰማያዊ ሆነ።»

ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም። እትዬ ዘምዘም ወደ መስኮቱ መጡ። «ከድር» አሉ፣ ሳይቆጡ። «እናትህ ስታወራ የምትሰማት ከሆነ እኔንም ትሰማኛለህ ማለት ነው። እስከ አስፋልቱ ሂድ።»

ልክ ናቸው። ይሄ ነው ያናደደኝ። ስልሳ አራት ትራክ ቤቴ ተቀምጦ፣ እኔ በራሴ ግቢ መቆም አልቻልኩም። ራውዳ ከተሸፈነችበት ጨርቅ ሥር ስትናገር ሰማኋት። «ተዉት በቃ፣ ይቅር» አለች። ማልቀሷን በድምፅዋ ለየሁት። ድምፅ መለየት ሥራዬ ነው።

«አንዴ ብቻ ልግባ» ብዬ ለመንኩ። ሴቶቹ ወደ ጓዳ ገቡልኝ። ገብቼ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁ፤ እስኪነሣ ድረስ ከጓዳው በር ጀርባ የሚንሾካሾኩትን ሁሉ ላለመስማት ሆን ብዬ እስል ነበር። ትልቁን ተውኩት። ያቺን የናቅኳትን ትንሿን ከፈትኳት። በግራ መስመር የእትዬ ዘምዘም ማይክ፣ በቀኝ መስመር ድቤውና ተቀባዩ። አንዲት ቀይ ቁልፍ። ሲጫኗት ትቀዳለች፣ ደግመው ሲጫኗት ታቆማለች፣ የቀዳችውን ራሷ ታስቀምጣለች። ምንም አትጠይቅም።

እናቴን ጠርቼ አሳየኋት። አንዴ ሞከረችው።

«ይሄው ነው?»

«ይሄው ነው።»

«ታዲያ ቅድም ያን መከራ ለምን አመጣህብኝ?»

«ያኛው ይሻላል፣ እማዬ።»

«ለማን?» አለችኝ።

አስፋልቱ ድረስ ሄድኩ። መንገዱ ማዶ ሸረፋ የሚባል ባለሱቅ ነበር፤ ሱቁ ጨለማ ስለሆነ ቀንም አምፖል ያበራል። የእሱና የእኛ ቤት መስመር አንድ ነው። አምፖሏ ላይ ዓይኔን ተክዬ ቆምኩ። እሷ ከጠፋች ኮምፒውተሩም ይጠፋል፣ ዜማውም ይቀራል፣ ራውዳም ባዶ እጇን ጅማ ትሄዳለች። ታክሲዎች እየቆሙ «ጦር ኃይሎች፣ ጦር ኃይሎች» ይላሉ፣ አልገባ ስል ይሄዳሉ።

ሸረፋ «ምነው አምፖሌን ልትገዛት ነው?» አለኝ።

«እንዳታጠፋት» አልኩት።

«እኔ አላጠፋትም፣ የሚያጠፉት ሌሎች ናቸው።»

አንድ ጊዜ ደብዘዝ አለች። ተመልሳ ደመቀች። ፀሐይዋ አዘቅዝቃ የአቧራው ቀለም ሲለወጥ እናቴ ነጠላዋን እያስተካከለች መጣች። «ተጫንኩ፣ ደግሜም ተጫንኩ» አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም። ዓይኖቿ ግን ቀልተው ነበር።

ሴቶቹ ከሄዱ በኋላ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። ስክሪኑ ላይ ሁለት መስመር ድምፅ ተዘርግቷል፤ ቆመው የሚጠብቁኝ ይመስላሉ። አንድ ቁልፍ ብነካ እሰማለሁ። የስፒከሩን ሽቦ ነቅዬ ለእናቴ ሰጠኋት፤ መስገጃዋ ሥር አደረገችው።

አሁን የምናገረውን ሠራሁ የሚል ሰው ካለ ይቅረብ። እኔ ያን ዜማ በዓይኔ አቀናበርኩት። ድቤው እንደ እሾህ ሹል ሹል ብሎ ይቆማል፤ በእሱ ለየሁት። ተቀባዮቹ ሲገቡ መስመሩ ይወፍራል። የእትዬ ዘምዘም ድምፅ ቀስ ብሎ ይነሣል፣ ያብጣል፣ ረጅም ሄዶ ይከሳል። ሹሎቹን ከእሳቸው በታች እስኪሆኑ አወረድኳቸው። ከስንኝ ስንኝ መካከል ደግሞ ፀጉር የምታህል ቀጭን መስመር አለች። ትልቁን ፕሮግራም ስማር ባነበብኩት መሠረት እንዲህ ያለችው ኮሽታ ናት፣ ትቆረጣለች። እጄ ቁልፉ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ሁልጊዜ የምትመጣው እሳቸው ከመነሣታቸው በፊት ስለሆነ ትንፋሽ ትሆናለች ብዬ ተውኳት። ከዚያ የድምፁን ከፍታ የሚያሳዩትን የቴፑን መርፌዎች እያየሁ ወደ ካሴት ገለበጥኩት። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የካሴቱ መሽከርከር ብቻ ነበር።

ካሴቱን ራውዳ ይዛው ሄደች። ከጅማ ስትደውል መጀመሪያ የጠየቅኳት እሱን ነው።

«ጥሩ ነው» አለችኝ።

ጥሩ ነው ማለት ምን ማለት ነው? ድቤው ይበልጣል? የግራው ከቀኙ ይዘገያል? «ኧረ ጥሩ ነው፣ ከድርዬ» አለች ደግማ፣ ከዚያ አለቀሰች። እናቴን ጠየቅኳት፤ «ደህና ነው» አለች። ባለሙያ ያልሆነ ሰው ስለ ድምፅ የሚናገረው ነገር ያንገበግባል። እትዬ ዘምዘምን እንኳ ጠይቄአቸው ነበር። «እኔ ስለው ነው የማውቀው፣ ሲባል አልሰማሁም» አሉኝና ቅመማቸውን መመዘን ቀጠሉ። ከጥቂት ዓመት በኋላ አረፉ፤ አላህ ይዘንላቸው። የኮምፒውተሩም ዲስክ ተበላሸ። ካሴቱ ብቻ ቀረ፣ እሱም እኔ ያልሰማሁት፣ ዘመድ አዝማድ ሴት ሁሉ የሰማው።

ለኢክራም የመረጥኩላትን ልንገራችሁ። ሳምንቱን ሙሉ ካሰለፍኳቸው ውስጥ ከሁሉ ትንሿን መረጥኩ። ነፃ ናት፣ ኢሜይል አትጠይቅም፣ ሮቦት ነህ ወይ አትልም። ቀይ ቁልፏም አንዲት ናት። በቪዲዮ የሚያስተምሩት ወጣቶች ይንቋታል፤ እነሱ ሲቀዱ ከክፍሉ ውጣ ያላቸው ሰው የለም።

በፍላሽ ይዤላት ዓለም ባንክ ወደ ኮንዶሚኒየሟ ሄድኩ። ጫንኩላት፣ ማይኩን አቆምኩላት፣ ካሴት ማጫወቻውን ከኮምፒውተሩ ጋር አያያዝኩላት። ጓደኞቿ በየተራ ሲገቡ ማንም ውጣ ሳይለኝ ተነሣሁ። ደረጃውን ቀስ ብዬ ወርጄ እስከ አስፋልቱ ሄድኩ። እዚያም ሱቅ አለ፣ እዚያም አምፖል በርቷል። ማየት ለመደብኝ።

ኢክራም ስትወርድ ሙሸበክ በወረቀት ጠቅልላ ይዛልኝ ነበር።

«ሰማነው፣ አጎቴ።»

«ጥሩ ነው እንዳትዪኝ» አልኳት። «የእትዬ ዘምዘም ድምፅ ከድቤው ጋር እንዴት ነው?»

አሰበች። እህቴ ይህችን ልጅ በደንብ ነው ያሳደገቻት። «ከድቤው በላይ ነው» አለች። «ቃሉ አንድም አይጠፋም። እንዲያውም ከመጀመራቸው በፊት አየር ሲስቡ ይሰማል፤ ጓደኞቼ መቼ እንደሚቀበሏቸው ያወቁት በእሱ ነው። እንዴት ቀዳኸው?»

«አየሩ እንደ ፀጉር ቀጭን ነው አይደል?» አልኳት።

«አልሰማሁትም አላልክም እንዴ?»

«አልሰማሁትም» አልኳት። ሙሸበኩን ተቀብዬ ወደ ታክሲው መሄድ ጀመርኩ። «አይቼዋለሁ።»